መድኃኒቱ በቅርብ፣ የሕመሙ ስም በሩቅ፦ ኢንዶሜትሪዮሲስና የምዕራብ ጎጃም ሴቶች የሕክምና መንገድ

ባለፉት ሁለት ዐሥርት ዓመታት በኢትዮጵያ የጤና አገልግሎት ከተመዘገቡ ውጤቶች መካከል የእናቶች ሞት መቀነስ በግንባር ቀደምትነት ይጠቀሳል። በኢትዮጵያ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት መሠረት እ.ኤ.አ. በ2000 በሕይወት ከሚወለዱ 100,000 ሕፃናት አንጻር 871 የነበረው የእናቶች ሞት፣ እ.ኤ.አ. በ2016 ወደ 412 ወርዷል። ውጤቱ የተገኘው ጤና ኬላን በየቀበሌው በማቋቋም፣ ጤና ጣቢያን ለኅብረተሰቡ በማቅረብ፣ አምቡላንስ በማሰማራት፣ የወሊድ አገልግሎትን ከክፍያ ነጻ በማድረግና ከሩቅ ለሚመጡ ነፍሰ ጡሮች የእናቶች ማቆያ በማዘጋጀት ነው። በፍኖተ ሰላም፣ በቡሬና በዙሪያቸው በሚገኙ የምዕራብ ጎጃም ወረዳዎችም የዚህ ጥረት አሻራ በግልጽ ይታያል።

ይሁንና የዚህ መንገድ ዋነኛ መዳረሻ ወሊድ ነው። ነፍሰ ጡር ሴት ትመዘገባለች፤ በነፍሰ ጡር እናቶች ኮንፈረንስ ላይ ትጠራለች፤ ቀኗ ሲቃረብ ማቆያ ትገባለች፤ ምጥ ሲጠናባት አምቡላንስ ይደርስላታል። በአንጻሩ ሳታረግዝ የምትታመም፣ በየወሩ ለቀናት ከእርሻ፣ ከገበያ ወይም ከትምህርት ገበታ የምትቀር፣ ምናልባትም በዚያው ሕመም ሳቢያ መውለድ ያቃታት ሴት በዚህ መንገድ ላይ የእኔ የምትለው በር የላትም። ከእነዚህ ሴቶች መካከል የተወሰኑት ኢንዶሜትሪዮሲስ የሚባል ሕመም ያለባቸው ናቸው። የመጀመሪያው ደረጃ ሕክምናቸው በአቅራቢያቸው ባለ ጤና ጣቢያ መደርደሪያ ላይ ሊገኝ የሚችል ሆኖ ሳለ፣ የሕመማቸውን ስም ሳይሰሙ ዓመታት ያልፋሉ። የጉዳዩ አሳሳቢነትም እዚህ ላይ ነው።

የሕመሙ ምንነት

ኢንዶሜትሪዮሲስ የማኅፀንን የውስጥ ሽፋን የሚመስል ኅብረ ሕዋስ ከማኅፀን ውጪ ሲበቅል የሚከሠት ሕመም ነው። ኅብረ ሕዋሱ በእንቁላል ማመንጫዎች፣ በማኅፀን ቱቦዎች፣ በሆድ ዕቃ ሽፋን፣ አልፎ አልፎም በአንጀትና በሽንት ፊኛ ላይ ይገኛል። የወር አበባን በሚያዙት ሆርሞኖች ስለሚነቃቃም በያለበት ቦታ ይቆጣል፤ ይደማል፤ ውሎ አድሮም ጠባሳ ይፈጥራል። ጠባሳው የውስጥ አካላትን እርስ በርስ ሊያጣብቅ፣ በእንቁላል ማመንጫ ላይም ያረጀ ደም የቋጠረ ከረጢት ሊያስከትል ይችላል። በቀዶ ሕክምና በወለዱ እናቶች ዘንድ ደግሞ በሆድ ጠባሳቸው ላይ በወር አበባ ወቅት የሚያብጥና የሚያም እብጠት ሆኖ የሚታይበት ጊዜ አለ።

የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገልጸው ሕመሙ በመውለጃ ዕድሜ ላይ ከሚገኙ ሴቶችና ልጃገረዶች 10 ከመቶ ገደማ የሚሆኑትን፣ በቁጥርም ወደ 190 ሚሊዮን የሚጠጉትን ያጠቃል። ዋና ዋና ምልክቶቹ የዕለት ተዕለት ሥራን የሚያስተጓጉል የወር አበባ ሕመም፣ ከወር አበባ ውጪም የሚዘልቅ የእንብርት በታች ሕመም፣ በግብረ ሥጋ ግንኙነት ጊዜ የሚሰማ ሕመም፣ በተለይ በወር አበባ ወቅት ሽንት ወይም ሰገራ ሲወጣ የሚያሠቃይ ስሜት፣ የሆድ መነፋት፣ ከባድ ድካምና የመፀነስ ችግር ናቸው። ከታማሚዎቹ መካከል ከ30 እስከ 50 ከመቶ የሚሆኑት የመፀነስ ችግር ሊገጥማቸው እንደሚችል በሕክምና ጽሑፎች በስፋት ተመልክቷል። ሕመሙን ከሥሩ ነቅሎ የሚያጠፋ መድኃኒት እስከ አሁን ባይገኝም፣ ሥቃዩን መቆጣጠርና ብዙ ሴቶችን ወደ ሙሉ ሥራቸው መመለስ ይቻላል።

የወር አበባ ሕመም ሁሉ ኢንዶሜትሪዮሲስ እንዳልሆነ መገንዘብ ያስፈልጋል። በአገራችን ከፍተኛ ትምህርት ተቋማት በሚማሩ ሴቶች ላይ የተካሄዱ ጥናቶች ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በወር አበባ ወቅት ሕመም እንደሚሰማቸው ያሳያሉ። ከእነዚህ አብዛኞቹ በማስታገሻና በዕረፍት የሚሻላቸው ናቸው። ችግሩ የሚፈጠረው የብዙኃኑ ቀላል ሕመም ለጥቂቶቹ ከባድ ሕመም መሸፈኛ ሲሆን ነው። «ሁሉም ሴት ያማታል» የሚለው አባባል እውነትነት ቢኖረውም፣ ከአልጋ መነሣት ለተሳናት ሴት መልስ አይሆንም።

ከቤት እስከ ሆስፒታል

የአካባቢው ሴቶች የሚያልፉበትን ሂደት ለመረዳት፣ በወምበርማ ወይም በጃቢ ጠህናን ገጠር የምትኖር አንዲት ሴት ልትሄድበት የምትችለውን መንገድ በምሳሌነት ማየት ይጠቅማል። የወር አበባዋ በ14 ዓመቷ ሲጀምር ሕመሙም አብሮ ይጀምራል። እናቷ ጤና አዳም አፍልታ፣ አልያም ፌጦ በጥብጣ ትሰጣታለች፤ «ስትወልጂ ይተውሻል» ብላም ታጽናናታለች። ልጅቱ በየወሩ ሁለትና ሦስት ቀን ከትምህርት ቤት ትቀራለች። መምህራኗ የቀረችበትን ቀን እንጂ ምክንያቱን አያውቁም። እርሷም ለወንድ መምህር ምክንያቷን ከምትናገር ቀሪ መባልን ትመርጣለች።

ትዳር ከያዘች በኋላ ሕመሙ መልኩን ይለውጣል። ግንኙነት ያማታል፤ ይህንን ግን ለማን ትናገራለች? በገጠሩ ኅብረተሰብ ዘንድ ስለ ወር አበባ በግልጽ መናገር እንደ ነውር የሚቆጠርበት፣ በዚያ ወቅትም ከቤተ ክርስቲያን ቅጥር መራቅ የጸና ልማድ የሆነበት ሁኔታ ስላለ፣ ሴቲቱ ወቅቱን በዝምታ ማሳለፍን ከልጅነቷ ተምራለች። ስለ ግብረ ሥጋ ግንኙነት ሕመም መናገር ደግሞ ከዚህም የከበደ ነው። በመሆኑም ወደ ጤና ኬላ ወይም ወደ ጤና ጣቢያ ስትሄድ የምትናገረው የቀለላትን ነው፤ «ወገቤን ያመኛል»፣ «እንብርቴ ሥር ይቆርጠኛል» ትላለች።

ባለሙያውም የሚያክመው የሰማውን ነው። ወገብ የሚለው ቃል ውኃ ከመሸከምና ከአረም ሥራ ጋር ይያያዛል፤ ማስታገሻ ይታዘዝላታል። ቁርጠት የሚለው ቃል ወደ ሰገራ ምርመራ፣ ወደ አሜባና ታይፎይድ ይመራል። ሽንት ሲወጣ ማመሙ ከተነሣ የሽንት ቱቦ ኢንፌክሽን ይባላል። ከእንብርት በታች ያለው ሕመም ከጎላ ደግሞ የማኅፀንና የዳሌ አካባቢ ኢንፌክሽን ተብሎ ፀረ ተሕዋስያን መድኃኒት ይሰጣታል። እነዚህ ሕመሞች በአካባቢው በእርግጥም የሚገኙ በመሆናቸው ግምቱ መሠረት የለሽ አይደለም። የወር አበባዋ ሲያበቃ ሕመሙ ጋብ ስለሚል መድኃኒቱ የሠራ ይመስላል። በሚቀጥለው ወር ሲመለስ ደግሞ «እንደገና ተነሣብኝ» ትላለች። ሁለቱን ጉብኝቶች የሚያገናኝ የቀን መቁጠሪያ ማንም ካልያዘ፣ አንድ ሕመም ብዙ ስም ይዞ በመዝገብ ላይ ይበተናል።

በመጨረሻም ፍኖተ ሰላም ወይም ቡሬ ከተማ ወደሚገኝ ሆስፒታል ትላካለች እንበል። በአልትራሳውንድ የሚታየው በእንቁላል ማመንጫ ላይ ያለ ከረጢት ወይም ሌላ ጎልቶ የወጣ ለውጥ ነው። በሆድ ዕቃ ሽፋን ላይ የተበተኑ ጥቃቅን ቁስሎች ግን በተለመደው አልትራሳውንድ አይታዩም። ስለዚህም ውጤቱ ጤናማ ሊሆን ይችላል። «ምንም የለብሽም» የሚለው ቃል ለባለሙያው የምስሉ ንባብ ነው፤ ለሴቲቱ ግን የሥቃይዋ መካድ ነው። ብዙ ሴቶች ወደ ሕክምና መመለስን የሚተዉትም ከዚህ ቃል በኋላ ነው።

የተሳሳተ ግምት ታሪክ

እንዲህ ያለው መዘግየት የምዕራብ ጎጃም ወይም የኢትዮጵያ ብቻ አይደለም። በተለያዩ አገሮች የተደረጉ ጥናቶች ምልክቱ ከጀመረበት ጊዜ አንሥቶ ሕመሙ ተለይቶ እስከሚታወቅበት ድረስ በአማካይ ከ4 እስከ 12 ዓመት እንደሚፈጅ ያመለክታሉ። ሆኖም ለአፍሪካውያን ሴቶች መዘግየቱን የሚያባብስ ተጨማሪ ታሪካዊ ምክንያት አለ። ለረጅም ጊዜ የሕክምና መጻሕፍት ኢንዶሜትሪዮሲስን የተማሩና የባለጸጋ ነጭ ሴቶች ሕመም አድርገው ያቀርቡ ነበር። በጥቁር ሴቶች ላይ ተመሳሳይ ሥቃይ ሲታይ ደግሞ በተለምዶ በኢንፌክሽን ይመደብ ነበር።

ይህንን ግምት ከተጋፈጡት አንዱ በቺካጎ ይሠሩ የነበሩት የማኅፀን ሐኪም ዶናልድ ቻትማን ናቸው። እ.ኤ.አ. በ1976 ባሳተሙት ጥናት በላፓራስኮፒ ከመረመሯቸው ጥቁር ሴቶች መካከል ከ20 ከመቶ በላይ በሚሆኑት ላይ ኢንዶሜትሪዮሲስ ማግኘታቸውን፣ ከእነዚህም ብዙዎቹ ቀደም ሲል የዳሌ አካባቢ ኢንፌክሽን አለባችሁ ተብለው እንደነበር አሳይተዋል። ሕመሙ በጥቁር ሴቶች ላይ የጠፋው ስላልነበረ ሳይሆን ስላልተፈለገ ነው። የተሳሳተው ግምት በቃል ባይነገርም እንኳ በሕክምና ትምህርትና በአሠራር ልማድ ውስጥ ሊቆይ ስለሚችል፣ ዛሬም በገጠር ጤና ጣቢያ ለአንዲት ሴት ለሦስተኛና ለአራተኛ ጊዜ ፀረ ተሕዋስያን ሲታዘዝ ይህ ታሪክ ሊታወስ ይገባል።

በጎረቤት ኬንያ ጉዳዩ ወደ አደባባይ የወጣው በአንዲት ታዋቂ ሴት ሕይወት ነው። የመገናኛ ብዙኃን ባለሙያዋ ንጃምቢ ኮይካይ እስከ ሳንባዋ አካባቢ ደርሶ የነበረውን ኢንዶሜትሪዮሲስ ለዓመታት በግልጽ ስትናገር ቆይታ እ.ኤ.አ. ሰኔ 2024 ሕይወቷ አልፏል። ሕልፈቷ ብዙ ኬንያውያንን ስለ ሕመሙ እንዲነጋገሩ አድርጓል። አውስትራሊያ እ.ኤ.አ. በ2018፣ ፈረንሳይ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለሕመሙ ብቻ የተዘጋጀ አገራዊ ዕቅድና ስትራቴጂ ይፋ አድርገዋል።

መድኃኒቱ የት አለ?

በሕክምናው ዘርፍ በቅርብ ዓመታት የመጣ አንድ ለውጥ ለገጠር አካባቢዎች ልዩ ትርጉም አለው። ቀደም ሲል ኢንዶሜትሪዮሲስን በእርግጠኝነት ለመለየት በላፓራስኮፒ፣ ማለትም በሆድ ላይ በሚከፈት ጠባብ ቀዳዳ ካሜራ አስገብቶ ማየት እንደ ግዴታ ይቆጠር ነበር። ይህ መሣሪያና የሠለጠነ ባለሙያው በአብዛኛው በአዲስ አበባና በጥቂት ትልልቅ ሆስፒታሎች ተወስኖ የሚገኝ በመሆኑ፣ የአንዲት የገጠር ሴት ሕክምና ሳይጀመር ያበቃ ነበር። የአውሮፓ የሰው ሥነ ተዋልዶና ጽንስ ጥናት ማኅበር እ.ኤ.አ. በ2022 ባወጣው መመሪያ ግን ላፓራስኮፒ የግድ የመጀመሪያ ደረጃ መለያ መሆኑ ቀርቷል። ምልክቶችን በጥሞና ጠይቆ፣ ሌሎች ሕመሞችን አጣርቶ፣ ሕክምናን መጀመር ተቀባይነት ያለው አሠራር ሆኗል።

የሚጀመረውም ሕክምና ከአካባቢው የራቀ አይደለም። በመጀመሪያ እንደ አይቡፕሮፌን ያሉ ማስታገሻዎች አሉ። ቀጥሎ የሚመጡት በሆርሞን የሚሠሩ መድኃኒቶች ሲሆኑ፣ ከእነዚህም የሚዋጡ እንክብሎችና በየሦስት ወሩ የሚሰጠው መርፌ በቤተሰብ ዕቅድ አገልግሎት በኩል በመንግሥት የጤና ተቋማት ያለ ክፍያ ይሰጣሉ። እ.ኤ.አ. በ2019 በተካሄደው አነስተኛ የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናት ባለትዳር ሴቶች መካከል 41 ከመቶ የሚሆኑት ዘመናዊ የወሊድ መቆጣጠሪያ ይጠቀሙ ነበር፤ 27 ከመቶ የሚሆኑት ምርጫቸው መርፌ ነበር። በሌላ አነጋገር ሥቃይን ሊያቃልል የሚችለው መድኃኒት እስከ ቀበሌ ድረስ ደርሷል።

የደረሰው ግን በሌላ ስም ነው። መርፌውና እንክብሉ የሚታወቁት ልጅን ለማራራቅ በመሆኑ፣ በጣም የሚያስፈልጋቸው ሁለት ዓይነት ሴቶች ከእርሱ ይርቃሉ። የመጀመሪያዋ ያላገባች ልጃገረድ ናት። ወደ ቤተሰብ ዕቅድ ክፍል ስትገባ ብትታይ የሚወራባት ስለ ሕመሟ አይደለም፤ እናቷም ይህንኑ ፈርታ አትልካትም። ሁለተኛዋ ልጅ ፈልጋ ያጣች ባለትዳር ናት። ለእርሷ የወሊድ መቆጣጠሪያ መውሰድ የምትጸልይበትን ነገር በእጇ መዝጋት ይመስላታል። ሥጋቷም ከንቱ አይደለም፤ መድኃኒቱን በምትወስድበት ጊዜ አትፀንስም፤ መርፌውን ካቆመች በኋላም የመፀነስ ዕድሏ ለወራት ሊዘገይ ይችላል። ስለሆነም ለእርሷ የሚስማማው መንገድ የተለየ ነው፤ ሥቃይዋን በማስታገሻ እየተቆጣጠሩ ሳይዘገዩ ወደ ስፔሻሊስት መላክ ያስፈልጋል።

ከዚህ የሚወሰደው ትምህርት አንድ ዓይነት መድኃኒት ለሁሉም ይታደል የሚል አይደለም። ምርጫው ዕድሜን፣ የመውለድ ፍላጎትንና ሌሎች የጤና ሁኔታዎችን ያገናዘበ ሊሆን ይገባል፤ መርፌው ለረጅም ጊዜ ሲወሰድ በአጥንት ጥንካሬ ላይ የሚያመጣው ተጽዕኖ ለታዳጊዎች በተለይ ሊመዘን ይገባዋል። ቁም ነገሩ ባለሙያው ስለ መድኃኒቱ ሲያስረዳ «ይህ ለሕመምሽ የሚሰጥ ሕክምና ነው» ብሎ በስሙ መጥራቱ ነው። ሕክምና ተብሎ የተሰጠን መድኃኒት ልጃገረዷም እናቷም ተቀብለው ወደ ቤታቸው ለመግባት አያፍሩም።

ልጅ ማጣትና ትዳር

በምዕራብ ጎጃም ገጠር ልጅ የቤት ምሰሶ ነው። ወላድ ሴት በድባብ ትሂድ ተብላ ትመረቃለች። ልጅ ያላየች ሴት ግን በምርቃቱ ውስጥ ቦታ የላትም። የመፀነስ መዘግየት ሲያጋጥም በቅድሚያ የምትጠየቀው ሴቷ ናት፤ ፍቺም ሆነ የሌላ ሴት መምጣት የሚያሠጋው እርሷን ነው። ወደ ሕክምና እንኳ ቢኬድ ባልየው የሚመረመርበት ጊዜ ጥቂት ነው፤ የመካንነት ምክንያት ግን በሁለቱም በኩል ሊሆን ይችላል። ኢንዶሜትሪዮሲስ ያለባት ሴት በአንድ በኩል ሥቃይዋን፣ በሌላ በኩል በመካንነት የሚመጣባትን ወቀሳ ትሸከማለች። ሁለቱ የአንድ ሕመም ሁለት ገጽታዎች መሆናቸውን የሚነግራት ባለሙያ ካላገኘች ሕመሟን እንደ ዕጣ ፈንታዋ ትቀበለዋለች።

አብዛኞቹ ወደ ጠበል መሄዳቸውም በዚህ ምክንያት ነው። ይህ እምነት የሚከበር ነው፤ ከሕክምና ጋርም የሚጋጭ አይደለም። በኤች አይ ቪ መከላከልና ሕክምና ሥራ የሃይማኖት አባቶች ጠበልና መድኃኒት ጎን ለጎን ሊሄዱ እንደሚችሉ ማስተማራቸው ብዙ ሕይወት አትርፏል። የቀበሌው የንስሐ አባት «ሐኪም ቤትም ሂጂ» ቢሉ፣ ቃላቸው ከማንኛውም ፖስተር ይልቅ ይሰማል።

መካንነትን በሚመለከት በመንግሥት በኩል የተከፈተው በር በአዲስ አበባ የቅዱስ ጳውሎስ ሆስፒታል ሚሊኒየም ሕክምና ኮሌጅ እ.ኤ.አ. በ2019 ሥራ የጀመረው የመካንነትና ሥነ ተዋልዶ ሕክምና ማዕከል ነው። ማዕከሉ ቀደም ሲል ወደ ውጭ አገር መሄድን ይጠይቅ የነበረውን አገልግሎት በአገር ውስጥ እንዲገኝ አድርጓል። ከፍኖተ ሰላም እስከ አዲስ አበባ ግን ወደ 390 ኪሎ ሜትር የሚጠጋ መንገድ አለ። ለአንዲት የገጠር ሴት ይህ ርቀት የትራንስፖርትና የማደሪያ ወጪን፣ የሚያጅባት ሰውንና የባሏን ፈቃድ ጭምር የሚጠይቅ ነው።

ርቀት፣ ወጪና ጸጥታ

ከፍኖተ ሰላም በስተደቡብ የደብረ ማርቆስ፣ በስተሰሜን ደግሞ በባሕር ዳር የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ስፔሻሊስት ሐኪሞች የሚገኙባቸው የሪፈራል መዳረሻዎች ናቸው። ወደ ባሕር ዳር የሚወስደው መንገድ በቡሬ፣ በእንጅባራና በዳንግላ አድርጎ ከ170 ኪሎ ሜትር በላይ ይረዝማል። ከዋናው አስፋልት ራቅ ብለው ከሚገኙት ከቋሪት፣ ከሰከላና ከወምበርማ ቀበሌዎች ለምትነሣ ሴት ደግሞ እስከ አስፋልቱ መድረስ ራሱ አንድ ጉዞ ነው፤ በክረምት ጭቃው ይጨምርበታል።

ወጪውን በተመለከተ የማኅበረሰብ አቀፍ ጤና መድኅን ትልቅ እፎይታ አምጥቷል። አገልግሎቱ እ.ኤ.አ. በ2011 በአራት ክልሎች በ13 ወረዳዎች በሙከራ ሲጀመር፣ በወቅቱ በምዕራብ ጎጃም ሥር የነበረው ደቡብ አቸፈር በአማራ ክልል ከተመረጡት ሦስት ወረዳዎች አንዱ ነበር። የመድኅኑ አሠራር አባሏ ከጤና ጣቢያ እንድትጀምርና በሪፈራል ወረቀት ወደ ላይ እንድትወጣ ይጠይቃል። ሥርዓቱ ለሀብት አጠቃቀም አስፈላጊ ነው። ነገር ግን የመጀመሪያው በር ሕመሟን ካላወቀው ወረቀቱ አይጻፍም፤ ወረቀቱ ካልተጻፈ ደግሞ ወጪው ከኪሷ ይሆናል። የመጀመሪያው ደረጃ ባለሙያ ዕውቀት የምዘናው ሁሉ ቁልፍ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው።

ከ2015 ዓ.ም. ማብቂያ ጀምሮ በክልሉ ያጋጠመው የጸጥታ ችግር ይህንን መንገድ ይበልጥ አክብዶታል። መንገድ ሲዘጋ፣ መድኃኒት ሲዘገይና አምቡላንስ መንቀሳቀስ ሲያቅተው ቅድሚያ የሚሰጠው ለምጥና ለድንገተኛ ጉዳት ነው፤ ተገቢም ነው። ለዓመታት የኖረ ሕመም ግን ሁልጊዜ ነገ ይደርሳል ተብሎ ወደ ኋላ ይገፋል። በእንዲህ ያለ ጊዜ ረጅም ጉዞ የማይጠይቀው፣ በቅርብ ያለው የመጀመሪያ ደረጃ ሕክምና ዋጋው እጥፍ ድርብ ይሆናል።

ከፊስቱላ የተገኘ ልምድ

አካባቢው አንድን የሴቶች የዝምታ ሕመም ወደ ብርሃን የማውጣት ልምድ አለው። የወሊድ ፊስቱላ ያለባቸው ሴቶች በጎጃም ገጠር ከሰው ተለይተው፣ በጓዳ ተደብቀው የሚኖሩበት ዘመን ሩቅ አልነበረም። እ.ኤ.አ. በ2005 በባሕር ዳር የሐምሊን ፊስቱላ ማዕከል ሲከፈት ሕክምናው ቀረበ። ከሕንፃው ባልተናነሰ ግን ለውጥ ያመጣው ሕመሙ ስም ማግኘቱ ነው። የጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዎች ምልክቱን እንዲጠይቁ ተደረገ፤ የተገኘችውን ሴት ወዴት እንደሚልኩም አወቁ። የሥነ ሕዝብና ጤና ጥናትም ስለ ፊስቱላ ጥያቄ አካቷል። ስለ ወር አበባ ሥቃይ ግን እ.ኤ.አ. በ2016ቱ ጥናት የተጠየቀ ጥያቄ የለም። ያልተጠየቀ ነገር አይቆጠርም፤ ያልተቆጠረ ነገር ደግሞ በጀትም ሥልጠናም አያገኝም።

ከመጀመሪያው በር የሚጀምር ሥራ

ከዚህ አኳያ መፍትሔው በየወረዳው ላፓራስኮፒ ከመትከል የሚጀምር አይደለም። በጤና ኬላና በጤና ጣቢያ ደረጃ ጥቂት ጥያቄዎችን የመጠየቅ ልማድ ብዙ በር ይከፍታል። ሕመሙ ከወር አበባ ጋር እየመጣ ይሄዳል ወይ? ከሥራ ወይም ከትምህርት ያስቀራታል ወይ? በግንኙነት ጊዜ ያማታል ወይ? በወር አበባ ወቅት ሽንትና ሰገራ ሲወጣ ያሠቃያታል ወይ? ለ12 ወራትና ከዚያ በላይ ሞክራ ሳትፀንስ ቀርታለች ወይ? እናቷ ወይም እኅቷ ተመሳሳይ ሕመም ነበረባቸው ወይ? ጥያቄዎቹ የሚጠየቁት ባል ወይም አማት በሌሉበት፣ በሩ በተዘጋ ክፍል ሊሆን ይገባል፤ መልሱ በዚያ ካልሆነ አይገኝም።

ለተመሳሳይ ቅሬታ ከሁለት ጊዜ በላይ ፀረ ተሕዋስያን የታዘዘላት ሴት ስትመጣ፣ ሌላ እንክብል ከመጨመር በፊት የቀደሙትን ጉብኝቶች ከወር አበባዋ ቀናት ጋር ማስተያየት ተገቢ ነው። ሆስፒታል የደረሰችውም የአልትራሳውንድ ውጤቷ ጤናማ ሆኖ ቢገኝ «ምንም የለብሽም» ከመባል ይልቅ «በምስሉ ላይ አልታየም፤ ሕመምሽ ግን ሕክምና አለው» መባል ይኖርባታል። በመጀመሪያው ሕክምና ለውጥ ያላገኘች፣ በእንቁላል ማመንጫዋ ላይ ከረጢት የታየባት ወይም ልጅ የምትፈልግ ሴት ሳትዘገይ ወደ ስፔሻሊስት ልትላክ ይገባል።

ትምህርት ቤቶችም ድርሻ አላቸው። በየወሩ በተመሳሳይ ቀናት የምትቀር ተማሪን ሴት መምህራንና የሥርዓተ ጾታ ክበባት ቀድመው ሊያስተውሏት ይችላሉ። በቤት ውስጥም እናቶች ከልጆቻቸው ጋር የሚያደርጉት ግልጽ ንግግር የዓመታትን መዘግየት ሊያሳጥር ይችላል።

የወር አበባ ሕመም በማስታገሻ የማይቆም፣ ከወር ወደ ወር የሚብስ ወይም ከአልጋ የሚያውል ከሆነ ወደ ጤና ጣቢያ መሄድ ያስፈልጋል። የሕመሙን ቀናት ለሦስት ወር ያህል መዝግቦ፣ ወይም ከበዓላትና ከጾም ቀናት ጋር አያይዞ አስታውሶ መሄድ ለባለሙያው ትልቅ እገዛ ነው። የወር አበባ ዘግይቶ ድንገተኛና ከባድ የሆድ ሕመም ሲከተል፣ ትኩሳት ያለበት የሆድ ሕመም ሲያጋጥም ወይም ራስ እስከ መሳት የሚያደርስ ደም መፍሰስ ሲኖር ግን ቀን ሳይቆጠር ወደ ሆስፒታል መድረስ ግድ ይላል።

የእናቶችን ሞት የቀነሰው የጤና ሥርዓት ያንን ያደረገው የምትወልደውን ሴት በየቤቷ ፈልጎ በማግኘቱ ነው። ያው ጤና ኬላ፣ ያው ባለሙያና ያው መደርደሪያ ዛሬም በቦታቸው አሉ። የሚቀረው፣ ያልወለደችውም ሴት ወደዚያው በር ስትመጣ «መቼ መቼ ያምሻል?» ብሎ የሚጠይቅና መልሷን እስከ መጨረሻው የሚሰማ ሰው እንድታገኝ ማድረግ ነው።